ልጄ የክረምቱን የጤና ሙያ ሥልጠና ጨርሳ ሐኪም አልሆንም አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፤ አራዳ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። የመጀመሪያ ልጄ ለመስከረም 12ኛ ክፍል ትገባለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ስትባል መልሷ አንድ ነበር፤ ሐኪም። አያቷ ስሟን ትተው ዶክተሬ ነው የሚሏት፤ ጎረቤቱም ከእሳቸው ለምዶ እንደዚያው ይጠራታል።

ዘንድሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጤና ሙያዎችን የሚያስተዋውቅ የክረምት ሥልጠና መኖሩን ሰምቼ አስመዘገብኳት። ሐምሌ መግቢያ ላይ ጀምራ ነሐሴ 20 ጨረሰች። በየሳምንቱ ክፍል እየቀያየሩ ካርድ ክፍሉን፣ ትሪያጁን፣ ፋርማሲውን፣ ላቦራቶሪውን፣ የዓይን ክፍሉን፣ ፊዚዮቴራፒውን አዩ፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቦታ እንኳ አልቀራቸውም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ታናሽ ወንድሟን ጀሪካኑ ሥር አቁማ እጅ አስተጣጠብ ታስተምረው ጀመር፤ መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣት ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ የጥፍር ጫፍ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሁሉ መፈተግ ምን ይሉታል ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ቀርቤ ሳይ ግን ውሃው የሚከፈተው ሲጀምሩና ሲጨርሱ ብቻ ነው፤ መሐሉን የሚሠራው ሳሙናው ነው።

በማጠናቀቂያው ቀን የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች። ዝናብ ስለነበር ባጃጅ ያዝን። ፒያሳን ሳናልፍ ሐኪም የመሆኑን ነገር እንደተወችው፣ የምትማረው ላቦራቶሪ እንደሆነ ነገረችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት ስለ አንዲት ብርጭቆ ስላይድ አወራችኝ። ትኩሳት ይዞት ከቆላ የመጣ ሰው ደም ነው። ስላይዱ ላይ ሁለት ቦታ ጠብ አድርገው አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ስስ አደረጉት፤ ጂምሳ በሚባል ቀለም ነከሩት፤ ደረቀ፤ የዘይት ጠብታ ጨመሩበትና በማይክሮስኮፕ ታይ ዘንድ ቦታ ለቀቁላት። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ባለሙያው ቀስ ብሎ አስተካከለላት። ከዚያ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ አየች፤ የጣት ቀለበት ከነፈርጡ ማለት ነው። ወባ እሱ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የሚጽፈው ይህን ያየ ሰው ነግሮት እንደሆነ እስከዚያ ቀን እንደማታውቅ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያ ቀለም ጠብታ ጋውኗ እጅጌ ላይ ቀርቷል። ሐምራዊ ነው። በሳሙና አሸሁት፣ በረኪና አፍስሼ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ወይ ፍንክች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የአሥር ዓመት ምኞት በሰባት ሳምንት ይለወጣል? ሥልጠናው ጠቀማት ወይስ አሳሳታት? ልጫናት ወይስ ልተዋት? ለአያቷስ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ይህን የጻፍኩት ነሐሴ 22 ነበር። ዛሬ ጳጉሜን 3 መልሱ 33 ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ የተባለውን እየደገመ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠቀስኩ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1 የአንድ የአዘዞ አባት ነው። ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። የእሱ ልጆች ክረምቱን በስልክና በኳስ እንደጨረሱት፣ አንዲት ልጅ በዝናብ ሰባት ሳምንት ተመላልሳ መጨረሷ ብቻውን ትልቅ ነገር እንደሆነ ጻፈ። ምክሩ አጭር ነበር፤ የ17 ዓመት ልጅ ቃል የነገ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አትጣሏት።

በ2 ቁጥር የመጣው የባዮሎጂ መምህር ነው። ሐኪም ወይስ ላቦራቶሪ የሚለው ጥያቄ ተራው ገና እንዳልደረሰ አስረዳኝ። ከፊቷ ያለው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016ም 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሰን። ብታልፍም የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ በውጤት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያስፈልጋት ኬሚስትሪዋን የሚያስጠናት ሰው እንጂ ስለ ሙያ የሚከራከራት ሰው እንዳልሆነ ደመደመ። ልቤ በዚህ ትንሽ አረፈ።

በ3 የመጣው ግን ቆረጥ አድርጎ ነው የጻፈው። ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች ላቦራቶሪ መግባት ውጤት ማባከን ነው አለ። ጥሩ ያመጣ ሕክምና ይገባል፣ ያልሆነለት ወደሌላው ይሄዳል፤ አገሩ የሚሄደው እንደዚህ ነው፤ ሥልጠናውም ልጆችን በማይክሮስኮፕ እያስገረመ ከፍ ካለው ቦታ አውርዷቸዋል አለ። እውነቱን ልናገር፤ ባጃጁ ውስጥ እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው ጽፎት ሳነበው ግን አፈርኩ።

4 ቁጥር ለ3 የተሰጠ መልስ ነው፤ 11 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ነው የጻፈው። ተቆጥቷል። በሌሊት ተረኝነት ደም የፈሰሳት ወላድ ስትመጣ ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ ጻፈ። አዋላጇ ትጮኻለች፣ ሐኪሙ ደም አምጡ ይላል፣ ቤተሰብ ኮሪደሩን ይሞላል። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሐል አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ የወላዷንና የሚሰጣትን ደም ያመሳክራል። የደም ዓይነቷ ኦ ለሆነች ሴት የኤ ደም ቢገባባት ሊገድላት ይችላል። እሱ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ስም ከወረቀቱ ጋር ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማንም ባይሰማውም ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ይህ ሥራ ውጤት ያልመጣለት ሰው መጣያ ነው የሚል፣ የቤተሰቡ ሰው ደም የሚፈልግበት ሌሊት እስኪመጣ እየጠበቀ ነው ብሎ ዘጋው።

በ5 ሦስተኛው ሰው ተመልሶ ማንንም እንዳልሰደበ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ክብር ብቻ እንደተናገረ ጻፈ።

6 የአንድ አባት ነው፤ አጻጻፋቸው እንደ ደብዳቤ ነው። የጎንደር ልጅ ጤና ብትማር የሚገርም አይደለም ብለው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አነሡ። ጎንደር ተወልዶ፣ በ1860 በመቅደላው ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ በእንግሊዞች ተወስዶ ሕንድ ውስጥ ሕክምና ተምሮ የተመለሰውን ማለታቸው ነው። ቀጥለውም የከተማችን የጤና ትምህርት ከመነሻው የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆኖ እንደተከፈተ ጻፉ።

7 ይህን የመጨረሻውን አረመ፤ በአክብሮት ነው ያረመው። በ1947 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ነው። የሐኪሞች ትምህርት የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ 1970 ገደማ ላይ፣ ከጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ይህ ሰው ራሱ እዚያ ተምሮ ስለወጣ ቲቲፒ የሚሉትን ልምምድም አስታወሰ። የተለያየ ክፍል ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ አንድ ቤት ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ። የእሱ ቡድን ቆላድባ ነበር። ውሃው ጉድጓድ ላይ ችግር ያገኘችው የአካባቢ ጤናዋ ልጅ፣ ሰገራ መርምሮ ትሉን ያየው የላቦራቶሪው ልጅ፣ መድኃኒቱን ያዘዘው የሕክምናው ልጅ፤ ማታ ወጥ የሚወጠውጠው ግን ተራው የደረሰው ነው። ከመካከላቸው ማን በላይ እንደሆነ የጠየቀ ሰው እንደማያስታውስ ጻፈ። ይህን መልስ ለልጄ አነበብኩላት። ድገሚው አለችኝ።

በ8 እኒያ አባት እርማቱን ተቀብለው አመሰገኑ። ከ9 እስከ 11 የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቶች ናቸው፤ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

በ12 ግን ወሬው ወደ ጋውኑ ዞረ። ዋርድ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሰላምታም አልሰጠችኝ። የሆስፒታል ጋውን ቤት ምን ይሠራል ነው ያለችኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ የተለበሰ ልብስ እዚያው ተለብሶ እዚያው ይወልቃል፤ በባጃጅ ተጭኖ፣ ከሕፃን ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይዘፈዘፍም። ሥልጠናው ለልጆቹ ይህን ካላስተማረ ምን አስተማረ ስትል ጠየቀች።

13 ፋርማሲስት ነው፤ እሱ ደግሞ በሎሚው ደነገጠ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሎሚም አሲድ ነው፣ ኮምጣጤም አሲድ ነው። በሩ በተዘጋ ጠባብ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ያን ቀን ሳል ይዞኝ እንደነበር ጠየቀኝ። ይዞኝ ነበር። ብርድ መስሎኝ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጥቻለሁ። ይህን የምታነቡ እናቶች፣ በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅሉ፤ ከውሃ ብቻ።

14 የእኔ መልስ ነው። ልጄን ጠይቄ ነው የመለስኩት። በሥልጠናው ጊዜ ጋውናቸው እዚያው መስቀያ ላይ ነበር የሚያድረው፤ የመጨረሻው ቀን ነው ውሰዱ የተባሉት። እንዴት ልጠበው ብዬ ጠየቅኩ። በ15 ነርሷ ለዘብ ብላ ተመለሰች፤ እህቴ ማለትም ጀመረች። ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ99 እጅ ውሃ በጥብጠሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፤ በደንብ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ይተኮስ። በዚህ ክረምት ፀሐዩን ከየት እንደማመጣው ግን አልነገረችኝም።

16 ረጅም ነው፤ የወደድኩትም ነው። ከእንዲህ ያለ ሥልጠና ተማሪዎችን ተቀብላ የምታስጎበኝ ሲስተር ናት የጻፈችው። ነሐሴ ሲገባ ልጆች እንደሚወድቁባት ነገረችን። ፍልሰታ ነው፤ ሁሉም ይጾማሉ፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም። ባዶ ሆድ፣ ቁመት፣ የክፍሉ መታፈን፣ በዚያ ላይ የተከፈተ ቁስል። አንድ ረጅም ልጅ፣ ደም አልፈራም ብሎ ፊት ለፊት የቆመው እሱ ነው፣ ቁስሉ ሲፈታ ከንፈሩ ነጣ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ሳይናገር ተዘረጋ። ጠፍጣፋ አስተኝታ እግሩን ከፍ አደረገችለት፤ ወዲያው ነቃ። የልጁ የመጀመሪያ ቃል እንግዲህ ሐኪም መሆን አልችልም ማለት ነው የሚል ነበር። እሷም እዚያው ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በድንገት የወረደ የደም ግፊት እንጂ የወኔ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ እሷ ራሷ በተማሪነቷ ሁለት ጊዜ እንደወደቀች ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ዙሩ ሳይጀመር ጀርባቸውን ግድግዳ እንዲያስደግፉ፣ ዓይኔ ተጭበረበረ ያለ ሁሉ ሳያፍር እንዲቀመጥ ታዛለች። ጹሙ አትጹሙ የማለት ድርሻ የላትም፤ ተቀመጡ የማለት ግን አላት።

በ17 አንድ ወንድ ነርስ ነጭ የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ሴት ሁሉ ሲስተር መባሉ እንዳሰለቸው ጻፈ፤ ዶክተር አይደለሁም ባለ ቁጥር በሽተኛው እምነት ሲያጣበት ማየቱ ከሁሉ እንደሚብሰው ጨመረ።

18 የተጻፈው በቁጭት ነው። አንዲት እናት፣ ከተማውንም ተቋሙንም ሳትጠራ፣ ልጇ በጽኑ ታሞ ተኝቶ በነበረ ጊዜ የሆነውን ነገረችን። ሊጎበኙ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ራሷን ፎቶ አነሳች፤ ከኋላዋ አልጋው ይታያል፣ አልጋው ላይ ልጇ አለ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ። በማግሥቱ ፎቶው ዘመድ ጋ በቴሌግራም ደረሰ። ለዘመድ ያልነገረችው ሕመም ነበር። ልጁ ድኖ ወጣ፤ እሷ ግን ያንን ፎቶ እስካሁን ከዓይኗ ማጥፋት አልቻለችም። ሥልጠና ጨረሱ የሚባሉት ልጆች ስንቶቹ ናቸው ይህን የተማሩት ብላ ጠየቀች።

19 በአንዲት ልጅ ጥፋት ሥልጠናን ሁሉ መውቀስ አይገባም አለ። 20 በኃይል መለሰለት፤ ልጅቷ ልጅ ናት፣ ጥፋቱ በር ላይ ሳይነግር ያስገባት አዋቂ ነው፤ የበሽተኛ ሚስጥር የሚጀምረው ከምርመራው ሳይሆን ከበሩ ነው አለ። እኔም ከ20 ጋር ነኝ።

በ21 እኔ ጻፍኩ። የእኔ ልጅ ያለችበት ቦታ በመጀመሪያው ጠዋት ስልካቸውን ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው፣ ያዩትን ሰው ስም ላለማውራት ፈርመው ነው የገቡት። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድም የበሽተኛ ስም ከአፏ አልሰማሁም። እኔ ግን አንድ ቀን ለአያትሽ የማሳያቸው ፎቶ እንዴት አጣሽ ብዬ ተቆጥቻት ነበር። 18 ቁጥርን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

22 ቁጥር ውይይቱን አከበደው። ሕክምና ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት የሆናት ሐኪም ናት። ስድስትና ሰባት ዓመት እንቅልፍ አጥታ ተማረች፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አለፈች፤ ምደባ ግን አልመጣም። አሁን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በወር ኮንትራት ትሠራለች። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ እናቷ ዜናውን እያዩ ዶክተር ማለት ይኼ ነው እንዴ ብለው እንደጠየቋት፣ መልስም እንዳልነበራት ጻፈች። ሙያዋን እንደምትወድ፣ ዛሬ ምረጪ ቢሏት ያንኑ እንደምትመርጥ ግን ደግማ ደጋግማ አስፍራለች። ለ3 የመለሰችለት ከፍ ያለው ቦታ የሚለውን ቃል ይዛ ነው፤ እሷ ከዚያ ቦታ ሆና የምታየውን ኪራይ ቆጥራ አሳየችው። ልጅሽ የላቦራቶሪውን ሕይወት አይታ ከመረጠች፣ እኔ በ17 ዓመቴ ያላገኘሁትን አግኝታለች፤ እኔ የመረጥኩት ቃሉን ነበር ብላ ጨረሰች። ይህን መልስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ደንበኛ መጥቶ ቆሞ አላየሁትም።

23 ደንቢያ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ እየተባለ የእሷ ሥራ ስም አለመጠራቱን በትህትና አስታወሰችን። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕሮግራሙ ሲጀመር ለየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው 5 ሺህ ገደማ ሕዝብ ቤት ለቤት ያዳርሱ ነበር። ልጄ ያየችው ቀለበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ጋ ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ጣት ወግታ በፈጣን መመርመሪያ የምታየው እሷ ናት። የሚቀጥለው ክረምት ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት እንኳ ጤና ኬላ ቢመጡላት፣ ጭቃውን ካልፈሩ፣ እንደምታስተናግድ ቃል ገባች። ሥልጠናውን የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ካያችሁ እባካችሁ አስቡበት።

24ና 25 ከርዕሱ ወጡ። አንዱ በውሃ ፈረቃ ተማሮ ከአንገረብ ግድብ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጻፈ፤ ሌላው በዝናብ ጊዜ ከማራኪ ባጃጅ ማግኘት ሕመም እንደሆነ ጨመረ። እውነት ነው፤ ግን አልፌዋለሁ።

26 ወደ ነገራችን መለሰን። ወንድሙን ያስታመመ ሰው ነው። ወንድሙ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሲመለስ ትኩሳቱ አልለቀው አለ፤ ከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል አበጠ። ወባ ነው ተብሎ ታከመ፣ አልተሻለውም። ካላዛር መሆኑን የለየው ምርመራው ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ዝንቧ ከምትራባባቸው ቦታዎች አንዱ የተሰነጠቀው የቆላ ዋልካ ነው፤ ታካሚው ደግሞ ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ነው። 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወጋ። ሰውየው ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ጠዋት ነው። ማንበብ ስለማይችል ወረቀት ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሲዞር አንድ ትልቅ ጋውን የለበሰ ልጅ፣ ተማሪ መሆኑ ከእጅጌው ርዝመት ያስታውቃል፣ ወረቀቱን አይቶ እጁን ይዞ እስከ ላቦራቶሪው መስኮት አደረሰው፤ ውጤቱ እስኪወጣም አብሮት ተቀመጠ። ይህን መልስ የጻፈለት የእህቱ ልጅ ነው፤ እሱ እየተናገረ። ልጁ አሁን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሐኪምም ይሁን ሾፌር ይመርቀዋል።

በ27 ሦስተኛው ሰው ተመለሰ። አቋሙን አልለወጠም፤ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ ይዞ መጣ። ላቦራቶሪ የተማረ ሰው ከአራት ዓመቱ ዲግሪ በኋላ ወዴት ያድጋል? 28 ላይ የ4 ቁጥሩ ባለሙያ ያለ ቁጣ መለሰለት። ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ የደም ሕክምና ሳይንስ፣ ክሊኒካል ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው፤ የደም ባንክ አለ፤ ምርምር አለ፤ እዚሁ ጎንደር የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። መድኃኒት የተላመደ ጀርም ማደጉን የሚያሳየውም ላቦራቶሪ ነው። ሦስተኛው ሰው አመስግኖ ዝም አለ።

29 ልጅቷ ለምን አኔስቴዥያ አትማርም፣ እሱም ዶክተርነት ነው ብሎ ነበር። 30 አረመው። አኔስቴዥያ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት ነው፤ አኔስቴዥዮሎጂስት የሚባለው ግን መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ በኋላ በዚያ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። ሁለቱም ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ኦፕቶሜትሪና ፊዚዮቴራፒም እዚሁ ጎንደር እንደሚሰጡ አስታወሰን።

31 የላቦራቶሪ ተማሪ ናት፤ የቀለሙን ነገር ፈታችልኝ። ጂምሳ በአልኮል የሚሟሟ ቀለም ስለሆነ በረኪና ከማፍሰስ ይልቅ በጥጥ አልኮል ነክሮ መጫን ነው። ከእሳት ራቅ ተብሎ፣ መስኮት ተከፍቶ። 32 ደግሞ ልጁ ለሚቀጥለው ክረምት ሥልጠና ሊመዘገብ ያሰበ የሳሙና በር አባት ነው፤ ጋውኑ ከተረፋችሁ ግዙልኝ አትበሉኝ እንጂ እቀበላለሁ አለ።

33 የእኔ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጻፍኩት። ለአያቷ ነግረናቸዋል። ልጄ ራሷ ናት የነገረቻቸው። እኔ ቡና እየቆላሁ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በቀጠሯቸው ሁሉ ደም ይሰጣሉ። ዶክተሬ ሐኪም አልሆንም አለች ሲሉ ፊታቸው ጠቆረ። ልጄ ግን ያን ደምዎን ማን የሚያየው ይመስልዎታል ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ አሰቡ። ወረቀቱን በትንሿ መስኮት አሾልከው እንደሚሰጡ፣ አንድ በጓንት የተሸፈነ እጅ እንደሚቀበላቸው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የዚያን እጅ ባለቤት ፊት አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ጥቅምት ነው፤ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ሊያዩ አስበዋል። ስሟን ግን አልቀየሩትም፤ አሁንም ዶክተሬ ነው የሚሉት፤ እሷም አቤት ትላለች።

ልተዋት ወስኛለሁ። ለ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ አስጠኚ እየፈለግኩላት ነው።

ጋውኑን ትናንት ማታ መስኮት ከፍተን በአልኮል ሞከርነው። ጥጡ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። አራት ጥጥ ጨረስን፤ ሐምራዊው ሄደና በቦታው የምስር ፍሬ የምታክል ውኃ ሰማያዊ ነጥብ ቀረች። ተተኩሶ ታጥፏል፤ ለሳሙና በሩ አባት ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ሱቅ መጥተው እንዲወስዱት ነግሬያቸዋለሁ። ልጄ ኪሱ ውስጥ አንድ ብጣሽ ወረቀት ከታለች። የእጅጌው ነጥብ ጂምሳ መሆኑን፣ ንጹሕ መሆኑን፣ ጋውኑም ማታ ማታ እዚያው ተሰቅሎ እንዲያድር ጽፋለታለች።